የሰይድ እሸት

ልጄ ሀያት ለእረፍት ከዩኒቨርሲቲ ከመጣች ጀምሮ ቤታችን የሳይኮሎጂ ትምህርት ቤት ሆኗል። ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ስትል በርጩማዋን በረንዳው ላይ ታወጣና ሞጁሏን ጭኗ ላይ ዘርግታ በእንግሊዝኛ ታነባለች፤ ከዚያ ያነበበችውን ለእኔ በአማርኛ ታስረዳለች። «ለሰው ከነገርኩት አይጠፋኝም» ትላለች። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መሪ ጨብጬ የኖርኩ ሾፌር ነኝ። ጉልበቴ ደክሟል፣ ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም፤ ጆሮ ግን አለኝና እሰማታለሁ። በሰው ላይ የሚያይለው ተፈጥሮው ነው ወይስ አስተዳደጉ፣ ሕፃን ከእናቱ የተለየ ሰው መሆኑን የሚያውቀው መቼ ነው፣ ማኅበረሰብ ለሰው ሚና የሚያድለው እንዴት ነው፤ ብዙ ተምሬያለሁ። አንዳንዱ መናኸሪያ ውስጥ የዋለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ይከብዳል መሰለኝ።

ትናንት ስለ ጉርምስና ደረሰች።

«አባባ፣ በዚህ ዕድሜ ሰው ‹እኔ ማን ነኝ?› ብሎ ራሱን ይጠይቃል ይላል። መልሱን ያገኘ ይረጋጋል፣ ያላገኘ ሲዋልል ይኖራል። አንተ በዚያ ዕድሜ ማን ነበርክ?»

«ሌላ ሰው» አልኳት።

የቀለድኩ መስሏት ሳቀችና ገጹን ገለጠች። በዚያው ቅጽበት ከአጥሩ ውጭ አንዲት ሴት «እሸት! የባቄላ እሸት!» እያለች አለፈች። ሀያት እንግዛ ብላ ብድግ ስትል እጇን ያዝኩና አስቀመጥኳት። እኔ እሸት ባቄላ አልበላም። ለምን እንደማልበላ ለልጄ ነግሬያት አላውቅም።

ከእኔ በፊት ሰይድ የሚባል ወንድም ነበረኝ። «ነበረኝ» ማለቱ ራሱ ለአፌ ይከብደኛል፤ አላየሁትማ። ገና ጥርሱን መቀየር ሳይጀምር በክረምት ኩፍኝ ያዘው። ቤታችን ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ነበርና ወደ ጤና ጣቢያው ለመድረስ ወንዙን መሻገር ግድ ነበር፤ ወንዙ ሞልቷል። እናቴ ልጇን በጋቢ ጠቅልላ ውሃው እስኪጎድል ዳር ላይ ስትጠብቅ እቅፏ ላይ አለፈ። ከዚያ በኋላ አላለቀሰችም ይላሉ። ቁጭ ብላ ወደ ወንዙ ማየት ብቻ ሆነ ሥራዋ። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ሁሉ «አላህ ይተካልሽ» ብለው ሄዱ።

በዓመቱ እኔ ተወለድኩ። በሰፈራችን ዱዓቸው ይደርሳል የሚባሉ እትዬ ዘሃራ የሚባሉ ሴት ነበሩ። አራስ ለመጠየቅ መጥተው ወንድ መሆኔን ሲያዩ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉና «አልሐምዱሊላህ! ይኸው የወሰደውን መለሰልሽ» አሉ።

ይህ በእኛ አገር የደግ ሰው አነጋገር ነው። ልጅ ሞቶባት ሌላ ለወለደች ሴት ሁሉም እንዲሁ ይላል፤ ማንም ቃል በቃል አይወስደውም። እናቴ ወሰደችው።

አባቴ ይማም ያወጣልኝ ስም ምትኩ ነው። እናቴ ግን ገና ከመጀመሪያው ቀን ሰይዴ አለችኝ፤ በዚያው ጸና። አንዱ የሟች ምትክ ነህ ይለኛል፣ ሌላው ራሱ ሟቹ ነህ ይለኛል። ለእኔ ተብሎ የወጣ ስም አልነበረኝም።

እንዲህ ሆኜ አደግሁ። «ሰይዴ፣ አጅባር ገበያ ወስጄህ በግ የወጋህ ትዝ ይልሃል?» ትለኛለች እናቴ። የእናቴ አገር በአጅባር በኩል ነው፤ ሰይድን ይዛው ሄዳ አንድ ሙክት በቀንዱ ቅንድቡ ላይ ወግቶት ነበር። እኔ ያኔ አልተወለድኩም። ግን ስትደጋግምብኝ ትዝ አለኝ። የሙክቱ ቡኒ ፀጉር፣ የገበያው አቧራ፣ የደሜ ሙቀት ሁሉ ታየኝ። እስከ ዛሬም ይታየኛል፤ ካለኝ የልጅነት ትዝታ ሁሉ እንደዚያ የጠራ የለም። እናቴ ታዲያ ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አስተኝታ በአውራ ጣቷ ግራ ቅንድቤን ትዳብሳለች፣ ጠባሳውን ስትፈልግ። ታጣዋለች። «ጠፍቷል፤ አላህ ሽሮልሃል» ትልና ትስመኛለች። ያ አውራ ጣት ያስጠላኝ ነበር። ጭንቅላቴን ስነቅል ጸጉሬን ይዛ ትመልሰኛለች።

አባቴ ቁርአን የሚያስቀራ ሰው ነበር። የሰፈሩ ልጆች ሉሃቸውን፣ የእንጨት ሰሌዳቸውን፣ ይዘው ደጃችን ላይ ተሰብስበው ቁርአን ሲቀሩ ነው ያደግሁት። ስለ ሞትና ስለ ቂያማ ሲያስተምር ድምፁ ይቀየራል፤ የሞተ ሰው እስከ ቂያማ ቀን ወደዚህ ዓለም አይመለስም ይላል። ቤት ሲገባ ሚስቱ እኔን ሰይዴ ስትል ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል። አንድ ቀን እርሻ ስንሄድ ጠየቅሁት።

«አባ፣ የሞተ ሰው ይመለሳል?»

«በቂያማ ቀን።»

«ታዲያ እኔስ?»

እርምጃውን ፈጠን አደረገ። በመጨረሻ ወደ ኋላ ሳይዞር «እናትህን ተዋት፤ ትተንፍስ» አለኝ። እኔም መተንፈስ እንደሚያስፈልገኝ አልታየውም። ያንን ሰው እስከ ዛሬ አኩርፌዋለሁ፤ አላህ ይማረው፣ ግን አኩርፌዋለሁ።

ነገሩ ሁሉ የፈነዳው በባቄላ ነው።

ለሰይድ እሸት ባቄላ ነፍሱ ነበረች አሉ። እኔን ደግሞ አይስማማኝም። ገና ሁለት ሦስት ፍሬ ሳኝክ ከንፈሬ ያብጣል፣ አንገቴን ያሳክከኛል፣ ከዚያ ያስመልሰኛል። ጥቅምት በመጣ ቁጥር ግን እናቴ የማሳውን መጀመሪያ ቀጥፋ፣ ቅርፊቱን ፈልቅቃ በእጇ ታጎርሰኛለች። ጤዛ ያለበት አረንጓዴ ፍሬ ነው፤ ሽታው ደስ ይላል፣ ይህን አልክድም። እበላና ከጓሮ ሄጄ አስመልሳለሁ። እናቴ ጀርባዬን እያሸች «ድሮ እኮ እንዲህ አልነበርክም፤ ዓይን ነው» ትላለች። ሰውነቴ እኔ ሌላ ነኝ እያለ ሲጮህ የሚሰማው አጣ።

አሥራ አምስት ዓመት የሆነኝ ጥቅምት ላይ ቤታችን የሴቶች ዱዓ ነበር። ዝናቡ ካቆመ ሰንብቷል፤ ከዓባይ በረሃ በኩል ሞቅ ያለ ነፋስ ይነፍስ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገዱ ዳርና ዳር ገብሱ ቢጫ ሆኗል፤ ራብ ይዞኛል። ቤት ስገባ ሴቶቹ በግድግዳው ዙሪያ ተቀምጠዋል፣ እትዬ ዘሃራ ከላይ። እናቴ እሸት በሰፌድ ይዛ ከጓዳ ወጣች፤ ፊቷ በርቷል።

«ሰይዴ፣ እንኳን ደረስክ። ና፣ መጀመሪያ አንተ ቅመስ፤ እትዬ ዱዓ ያደርጉልህ።»

«አልበላም፣ እማ።»

«ምነዋ? ባቄላ ነፍስህ ናት እኮ!»

ለምን ያን ቀን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት ሀያት እንደምትለው ዕድሜው ነው።

«የእሱ ነፍስ ነበረች። እኔን ያመኛል። እኔ ምትኩ ነኝ፤ ሰይድ ሞቷል።»

«አስተግፊሩላህ!» አለች አንዷ። እናቴ እኔን አላየችኝም። ዞራ ያየችው እትዬ ዘሃራን ነው።

«እትዬ፣ መለሰልሽ ብለውኝ የለም?»

እትዬ ዘሃራ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ኧረ እኔ ሌላ ልጅ ሰጠሽ ማለቴ ነው እንጂ! ያረቢ፣ የሞተ ይመለሳል ወይ፣ ልጄ? አብሽሪ፣ አብሽሪ።»

አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ያላሉትን ያኔ አሉት። እናቴ ሰይዴ እያለች ስትጠራኝ በየሳምንቱ ሰምተዋል፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ደግ ለመምሰል ዝም አሉ። የዝምታቸውን ዋጋ ግን እነሱ አልከፈሉም።

እናቴ ሰፌዱን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ከሆዷ የወጣ ድምፅ ሰማሁ፤ «ሰይዴ! ሰይዴ!» እያለች ደረቷን መታች። በወንዙ ዳር ያላለቀሰችውን ያን ቀን አለቀሰች። ጎረቤቱ ኡኡታውን ሰምቶ ከየማሳው እየሮጠ መጣ። «ማን ሞተ?» ይላሉ በር ላይ። «ሰይድ» ይባላሉ። እኔ እዚያው በሩ ላይ ቆሜያለሁ። አንድ ሽማግሌ እኔን ሲያዩ ደንግጠው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ሌላው «የታል ሬሳው?» አሉ። አባቴ ሰሌን አውጥቶ ደጅ ላይ አነጠፈና ሰው ተቀመጠ። ለወንድሜ በሚገባ ተለቀሰለት፤ ቡና ሳይቀር ተፈላ። እኔ ለለቀስተኛ ውሃ ሳቀርብ ዋልኩ። «አላህ ያጥናህ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ እናቴ ምትኩ ብላ ጠራችኝ። አልተሳሳተችም፣ አንድ ቀንም። «ምትኩ፣ ምሳ ቀርቧል።» «ምትኩ፣ ደህና አደርክ?» ለእንግዳ እንደሚቀርብ በሰሐን አድርጋ ታቀርብልኛለች፤ ስጨርስ «ጠገብክ?» ትለኛለች። አልተጣላችኝም፣ ክፉ ቃል አልወጣትም። ሰይዴ ሆኜ ኖሬያለሁ፤ ምትኩዬ ግን ሆኜ አላውቅም። ባቄላም በግድ የሚያጎርሰኝ ቀረ። ቅንድቤን የሚዳብሰኝም ቀረ። ያ ያስጠላኝ የነበረ አውራ ጣት ያን ያህል ይናፍቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አንዳንድ ቀን ሆን ብዬ አጠገቧ ጋደም እላለሁ፤ ተነስታ ቦታ ትለቅልኛለች።

ዓመት አልቆየሁም። ደጎሎ ሄጄ የጭነት መኪና ረዳት ሆንኩ፤ ከዚያ መንጃ ፈቃድ፣ ከዚያ ደሴ።

እናቴ ስትደክም ተጠርቼ መጣሁ። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። ጠዋት ነበር፣ ፀሐይ በበሩ ገብታ መደቡ ላይ አርፋለች። ዓይኗ አያይም፤ እጇን በአየር ላይ ታንከራትት ነበር።

«ሰይዴ።»

ቤት ውስጥ ካለነው ሁሉ ማንም አልመለሰም።

«አቤት፣ እማ» አልኩ እኔ።

«እሸቱ ደረሰ?»

«ደርሷል።»

«በላህ?»

«በላሁ፣ እማ።»

ጎንበስ አልኩላት። አውራ ጣቷ ፊቴ ላይ ሲዳክር ቆይቶ ግራ ቅንድቤን አገኘው። ቀዝቅዟል፣ ሸካራ ሆኗል። ወዲያና ወዲህ ፈለገች። «ጠፍቷል፤ አላህ ሽሮልሃል» አለችኝ። ጭንቅላቴን አልነቀልኩም። እኔ ነኝ የምለው ልጅ፣ ምትኩ፣ ግን በዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም፤ እናቴ እሱን ሳታገኘው ሄደች።

ሀያት ይህን ሁሉ አታውቅም። ስሟን እኔ ነኝ ያወጣሁት፤ በቤታችን በዚያ ስም የተጠራ ሕያውም ሙትም የለም። ሴትዮዋ ከነእሸቷ ታጥፋ ከሄደች በኋላ ልጄ ሞጁሏን ዘጋችና እንደገና ጠየቀችኝ።

«አባባ፣ እውነት ግን፣ ‹አንተ ማን ነህ?› ቢሉህ ምን ትመልሳለህ?»

አሰብኩበት። እርግጠኛ የሆንኩበትን ነገር ፈለግሁ።

«እሸት ባቄላ የማይስማማው ሰው።»

ከት ብላ ሳቀች። «ፈተና ላይ ይህን ብጽፍ እኮ ዜሮ ነው የሚሰጡኝ!»

«እኔም በአሥራ አምስት ዓመቴ ስመልሰው የተሰጠኝ እሱ ነው» አልኳት።