ከረግረጉ ዳር የተቀነጠበው እንስላል

ነገሩ የሆነው ባለፈው የፍልሰታ ጾም ነው። ዛሬም የሻይ ፔርሙስ ስከፍት መጀመሪያ ውስጡን አያለሁ።

እናቴ ልትጠይቀን ከአዲስ አበባ እዚህ ውጭ አገር ድረስ መጥታ ነበር። አንድ ዓርብ ከአምስት ዓመቷ ልጄ ከሊያ ጋር፣ ሜፕልዉድ አካባቢ ፓርክ ዳር ወዳለ የተፈጥሮ ማዕከል ይዣት ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ስንጨቃጨቅ ነበር። እናቴ የደም ግፊት አለባት፤ በጾም ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አትቀምስም።

«እማዬ፣ በዚህ ሙቀት ትሞቺብኛለሽ! ቢያንስ ሻይ ጠጪ።»

«አንቺ መኪናሽን ንጂ» አለችኝ። ፔርሙሱን የያዘችው ለእኛ ነበር።

ከመኪና ማቆሚያው ወደ ሕንፃው ስንሄድ፣ ረግረጉ ዳር ቁመቱ ከእኔ የሚበልጥ፣ ነጭ አበባ ያለው ተክል አየች። ቅጠሉን ቀንጥባ አሸተተች።

«እንስላል! እዚህም አለ ለካ። የፈረንጅ ነገር ሆኖ ሽታው ጠፋ እንጂ» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ጉልበቷን ስላመማት በሩ ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፤ እኛ ገባን።

ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፤ ከእኛ በቀር ጎብኚ የለም። ገለባ ተሞልቶ የደረቀ ጉጉት ከጣሪያው ሥር ቁልቁል ያየናል። ሊያ አንድ ሥዕል ፊት ቆማ «ማሚ፣ ሉክ! የግራንድማ ፕላንት!» አለች።

ቀረብ አልኩ። ያው ቅጠል፣ ያው ነጭ አበባ ነው። ከሥሩ የራስ ቅል ተስሎ «ገዳይ መርዝ» ይላል። የማዕከሉ አስተናጋጅ ሰምታን መጣች። «የቀመሰ ሰው አለ?» ስትለኝ ፊቷ ተለዋውጦ ነበር።

ሊያን ጎትቼ ወደ ውጭ ሮጥኩ።

እናቴ እዚያው ተቀምጣለች። ቅጠሉ ፔርሙሱ ውስጥ ተነክሯል። እንደ ኩባያ የሚያገለግለው ክዳኑ በእጇ ነው፤ ባዶውን ነው። እናቴ ደግሞ ራሷ ሳትቀምስ ለሰው የምትሰጠው ነገር የለም። መጀመሪያ ትጎነጫለች፣ ከዚያ ነው «ጠጡ» የምትለው።

«እማዬ፣ ቀመስሽው?» አልኳት።

«እንዴ! ሰዓቱ ሳይደርስ?» አለች ተቆጥታ። «ዝንብ ገብቶበት ደፋሁት። ለሊያ ሌላ ልቀዳላት ነው።»

ፔርሙሱን ከእጇ ነጠቅኳት። እጇን አስታጥቤ መርዝ መሆኑን ስነግራት፣ ሊያን እቅፍ አድርጋ «ሳልቀምስ ልሰጣት ነበር እኮ» ብቻ አለች።

እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝ ሌላው ነው። መኪና ውስጥ ብትሰማኝና ጾሟን ብትፈታ ኖሮ ቀድማ የምትጠጣው እሷ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ስለ ጾሟ አንድ ቃል ተንፍሼ አላውቅም።