ሳይወረድበት የተገራ ገመድ

ባሌ የገደል ማር ቆራጭ ነበር። ከቢቸና ወጣ ብሎ ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው ገደል በገመድ ተንጠልጥሎ ማር ያወጣል፤ ወንድሜ ከላይ ሆኖ ገመዱን ይይዝለታል። አሮጌው ገመድ ሲሳሳበት ጊዜ ሞጣ ድረስ ሄዶ አዲስ የናይለን ገመድ ገዛና እቅፌ ላይ አኖረው።

አዲስ ገመድ ግትር ነው። ካልገሩት ሰውየውን ገደል ላይ እንደ እንዝርት ያሾረዋል። በባሌ ቤተሰቦች ወግ ደግሞ ገመዱን የሚገራው የሚወርድበት ሰው አይደለም፤ ቤት ሆኖ የሚጠብቀው ነው። አማቴ፣ "ገመድ የሚያውቅ የፈራ እጅ ነው" ይሉ ነበር። እኔ ደግሞ ፍርሃት መች አጥቼ!

ጓሮ ካለው ዋንዛ ላይ አሰርኩት፤ ጫፉ ላይ ድንጋይ የሞላ ጆንያ አንጠለጠልኩበት። ጥምዝምዙ እስኪወጣለት ይሽከረከራል። ከዚያ በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ ጥላ ሥር ይደርቃል። ሲደርቅ ክንድ በክንድ በመዳፌ እየሳብኩ የጎረበጠ ቦታ እፈልጋለሁ። ማንም እንዲረግጠው አልፈቅድም።

ገመዱ ገና ሳይገራ ለባሌ አዲስ አበባ ሥራ ተገኘለት ተባለ። የፎቅ መስታወት ማጠብ፤ እዚያም ያው መንጠልጠል ነው። "ከመስቀል በኋላ ለማሩ እመጣለሁ፤ እስከዚያ ግሪው" ብሎኝ ሄደ። ጎረቤቴ "ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ" ብትለኝ አኮረፍኳት።

"ናፈቅሽኝ" ማለት የማይሆንለት ሰው ነው። ሲደውል "ገመዱ እንዴት ነው?" ይላል። እኔም "ኧረ አሁንም ግትር ነው" እለዋለሁ፤ ናፈቅኸኝ ማለቴ ነው። ኤዲያ! ትልልቅ ሰዎች ሆነን በገመድ እንነጋገራለን።

መስቀል አለፈ። ወንድሜ መጥቶ፣ "እባክሽ እኔ ልውረድበት፤ ማሩ ለአውሬ ሊቀር ነው" አለኝ።

"እሱ ሳይወርድበት ማንም አይወርድበትም!" ብዬ ጮኽኩበት። ወይፈን ላስርበት ያለውን ጎረቤትማ ከደጅ ነው የመለስኩት።

በጋው አልፎ ክረምቱ ገባ። አይጥ እንዳይበላው ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት፤ እርጥበት እንዳይዘው እያወረድኩ አናፈስኩት። አሁን ክንዴ ላይ ሳኖረው እንደ ነጠላ ይተኛል። ይሄኔ የእሱን ላብ መሽተት ነበረበት፤ የሚሸተው ግን የእኔን እጅ ነው። ናፍቆኛል፤ ምን እደብቃለሁ!

ባለፈው እሑድ ደወለ። ጤናዬን ጠየቀ፣ ላሟን ጠየቀ፣ ዝናቡን ጠየቀ። ወደ ገመዱ እስኪመጣ ጠበቅሁ። ሊዘጋው ሲል ጨነቀኝና፣ "ተገርቷል እኮ" አልኩት።

"ምኑ?"

"ገመዱ ነዋ!"

ከበስተኋላው ሰዎች ይጠሩታል።

"የቱ ገመድ?" አለኝ።

ገመዱ ጭኔ ላይ ነበር።

"የጥጃዋ" አልኩት።