ጃርቷ ልጄና የጋሽ ደረጀ ጸሎት

ዛሬ ከአምልኮ በኋላ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ከአራት ዓመት ልጄ ውስጥ ጃርት ሊያስወጡ ሞከሩ።

ነገሩ የመጣው እዚህ በምንኖርባት የባሕር ማዶ ከተማ ዲቤንዶርፍ፣ ከኪንደርጋርተኗ (ከመዋዕለ ሕፃናቷ) ካመጣችው የሥዕል መጽሐፍ ነው። አንዲት ጃርት በግ ለመምሰል እሾኋ ላይ ጥጥ ትለጥፋለች፤ ዝናብ ሲመጣ ጥጡ ይረግፋል። ከዚያ «ጃርት ነኝ፤ ጥሩ ነኝ» ትላለች።

ሽማግሌው ጋሽ ደረጀ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ጸጉራቸው ግን እንደ ከሰል ጥቁር ነው። እንደ ወጉ ልጄን «የማን ልጅ ነሽ?» አሏት። የአባቷን ስም እስክትጠራ በኩራት ስጠብቅ፣

«እኔ ጃርት ነኝ!» አለች።

«በኢየሱስ ስም!» እጃቸው ወዲያው አናቷ ላይ። ሦስት የቤተ ክርስቲያናችን እህቶች ከበቧት። እኔ «መጽሐፍ ነው! መጽሐፍ ነው!» እያልኩ እጮኻለሁ፤ እነሱ «አሜን!» ይሉኛል።

በመጨረሻ መጽሐፉን ከቦርሳዬ አውጥቼ ዘረጋሁላቸው። ጋሽ ደረጀ በጸሎቱ ላብ በላብ ሆነዋል። መነጽራቸውን አድርገው፣ ጎንበስ ብለው ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አዩ። ጥጡ የሚረግፍበት ገጽ ላይ ሲደርሱ መጽሐፉን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

ልጄ ተራው የእሷ መሰላት። እጇን አናታቸው ላይ ጫነች።

«አንተም ጃርት ነህ። ጥሩ ነህ።» («እርስዎ» ማለት ገና አልተማረችም።)

እጇን ስታነሳ መዳፏ ጥቁር ሆኗል።

ጋሽ ደረጀ መዳፏን አዩት። ቀስ ብለው «አሜን» አሉ። መጽሐፉንም ተውሰው ሄዱ።

የእናንተስ ልጆች ከትምህርት ቤት ምን ሆነው መጡ? ጻፉልኝ፤ እኔ ይህን የጸጉር ቀለም ከመዳፏ ላስለቅቅ።