ዛሬስ ሻማው ጠፋ?

ሰው የሞተበትን ለማስታወስ ፎቶ ያወጣል። እኔ የታላቅ እህቴን ፎቶ ሳይ ብዙም አልደነግጥም፤ በሁሉም ላይ ዩኒፎርም ለብሳ፣ ቀጥ ብላ፣ እንደ ርዕሰ መምህር ኮስትራ ነው የምትታየው። እንደዚያ አልነበረችም። እኔን የሚያስደነግጠኝ ሰው እፍ ሲል መስማት ነው። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ትኩስ ሻዩን እፍ ሲል ፊቴን አዞራለሁ። ልደት ተጠርቼ ልጆች ኬኩ ላይ ጉንጫቸውን መንፋት ሲጀምሩ ተነስቼ ወደ ደጅ እወጣለሁ። ባለቤቴ «ኬክ የምትፈራ ሴት አገባሁ» እያለ ይስቅብኛል። ምክንያቱን ነግሬው አላውቅም፤ ይህን ካነበበ ያውቀዋል።

ሚሊኒየሙ በተከበረበት ዓመት እህቴ አሥራ ስድስት፣ እኔ አሥራ ሁለት ዓመታችን ነበር። ሶዶ ውስጥ ቤታችን ወደ ዳሞታ ተራራ በሚያወጣው ዳገት ላይ ነበር። እናታችን አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች፤ እንደ ሰፈሩ ልጅ ሁሉ «አዬ» ነው የምንላት። አባታችን ቢጠና ከተማ ባለው ግብርና ጽሕፈት ቤት ስለሚሠራ የምናየው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። በዚያ ዓመት እህቴ ያንን ዳገት ሦስት ጊዜ ሳትቆም መውጣት አቃታት። ሆስፒታል ሲያዩዋት ልቧ ነው አሉ፤ በልጅነቷ ይመላለስባት የነበረው የጉሮሮ ሕመም ልቧን ጎድቶታል። በየወሩ መርፌ፣ በየቀኑ ሁለት ዓይነት ክኒን፣ ሩጫና ገመድ ዝላይ ክልክል።

አባቴ እኔን አስከትሎ ገበያው ዳር ራዲዮና ባትሪ ወደሚሸጡት የስልጤ ነጋዴ ሱቅ ሄደ። የአባቴ አማርኛ ሴቱንም ወንዱንም አንድ ያደርጋል።

«ይሄ ልጄ እንዳይሮጥ ተብሏል። ቁጭ ብሎ የሚጫወት ነገር ካለ ስጠኝ» አለ።

ነጋዴው ከመደርደሪያው ሥር እንደ መጽሐፍ የሚታጠፍ፣ ሁለት ስክሪን ያለው፣ ከጎኑ ትንሽ የፕላስቲክ ብዕር የተሰካበት ነገር አወጡ። «ዱባይ ያለው ወንድሜ ከስልክ ጋር ቀላቅሎ የላከው ጌም ነው። እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

«ምን ያደርጋል?»

«እኔ አልገባኝም። ልጆቼ ግን ሲነኩት ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ።»

ጌሙ ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ ጨዋታዎች ነበሩ፤ አንዱም ከአምስት ሰከንድ አያልፍም። ስክሪኑ ላይ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ብልጭ ትላለች፤ ያዝ! ቁረጥ! ፈትግ! በዚያች ቅጽበት ምን እንደተፈለገብሽ ገብቶሽ ካላደረግሽው አለፈ። የአንድ ትልቅ አፍንጫ ቀዳዳ ውስጥ ጣት መክተት አለ፤ ሱሪው የሚወልቅበትን ሽማግሌ ሱሪ ማንጠልጠል አለ፤ ሲገባሽ ቀጣዩ መጥቷል፤ እየቆየ ደግሞ ይፈጥናል። አራት ጊዜ ከተሳሳትሽ አበቃ።

«ይሄማ ፕላዝማ ነው!» አለች እህቴ በመጀመሪያው ቀን። ያኔ ሁለተኛ ደረጃ የሚማሩት ክፍል ውስጥ በተሰቀለ ትልቅ ቴሌቪዥን ነበር፤ ፕላዝማ ይሉታል። መምህሩ እንግሊዝኛውን ያንበለብለውና አንድ ደቂቃ ሰጥቻችኋለሁ ይላል፤ ብዕር ሳታነሺ ጎበዞች ብሎ ያልፋል። እህቴ የሱን ድምፅ እያስመሰለች ስትጫወት ከታመመች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንባችን እስኪወርድ ሳቅን።

ከጨዋታዎቹ መሃል በእጅ ሳይሆን በትንፋሽ የሚሠሩ ነበሩ። ከስክሪኑ ሥር ድምፅ የምትቀበል ቀዳዳ አለች፤ እዚያ ላይ እፍ ትያለሽ። አንደኛው አምስት ሻማ የበራበት ኬክ ነው። እህቴ መጀመሪያ ሰሞን አራቱን ታጠፋ ነበር። ከወር በኋላ ሦስት። ከዚያ ሁለት።

አዬ ሌላው ጨዋታ አንዱም አይገባትም፤ ይሄኛው ግን ገባት። ሆስፒታሉ በወር አንዴ ነው የሚያያት፤ ጌሙ ግን በየቀኑ ያያታል። ከሥራ ስትመጣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ «ዛሬስ ሻማው ጠፋ?» ትላለች። እህቴ እፍ ትላለች፤ አዬ ትቆጥራለች፤ ወደ ጓዳ ትገባለች። የሳቅ ዕቃ የተባለው ቤታችን ውስጥ እንዲህ ሆኖ አረፈው። እህቴ አመሻሹን መጥላት ጀመረች።

አዬ በሌለችበት ግን ሥራ ተከፋፍለን ነበር። እጁ የሷ፣ ትንፋሹ የኔ። አገጬን ትከሻዋ ላይ አሳርፌ እጠብቃለሁ፤ የትንፋሽ ጨዋታ ሲመጣ በጆሮዋ በኩል እፍ እላለሁ፤ አምስቱም ድርግም። ጌሙ ያጨበጭባል። ደስታዬን መደበቅ አልችልም፤ እስከዚያ ድረስ እሷ እኔን ለምንም ፈልጋኝ አታውቅም። ትንፋሿ በማነሱ እኔ ሰው ሆንኩ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን እንዲያ ነበር።

ከቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች መጥተው ሳሎናችን ውስጥ ሦስት ቀን ጾመው ጸለዩላት። በቅን ልብ ነበር፤ ማንንም አልወቅስም። እንዲያውም በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው «መድኃኒቷን እንዳታቋርጡ፤ ሐኪምም የእግዚአብሔር እጅ ነው» ብለው ነበር። አዬም በአንገቷ እሺ ብላለች።

በማግስቱ እህቴ ከጓሮ እንሰቱ ሥር ጠራችኝ።

«ማታ አዬ ስትጠይቅ እፍ የምትይው አንቺ ነሽ።»

«ለምን?»

«መርፌው መሮኛል። ሁለት ቀን ያስነክሰኛል፤ ክፍል ውስጥ ስም አውጥተውልኛል።»

«ካወቀችስ?»

«አምስት ሰከንድ ነው። ምን ጊዜ ታውቃለች?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ደግሞ ድኜ ይሆናል እኮ። ያልሰማው ሻማው ብቻ ይሆናል።»

አዬ ስትመጣ አልጋ ላይ አንድ ጋቢ ተከናንበን ነበር፤ ከእህቴ ጀርባ እኔ። አዬ ጎንበስ አለች። ዓይኗ ስክሪኑ ላይ እንጂ አፋችን ላይ አልነበረም። ኬኩ መጣ። እህቴ ባዶ ጉንጯን ነፋች፤ እኔ ከጋቢው ጠርዝ እፍ አልኩ። አምስቱም ጠፉ። ጨዋታው ፈጥኖ ዞሮ መጣ፤ እንደገና አምስቱም ጠፉ። አዬ ጫማዋን እንዳደረገች መሬት ላይ ተንበረከከች። «አዬ...» ብዬ ጀምሬ ነበር፤ እህቴ በጋቢው ውስጥ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ያን ጊዜ ሳቄ መጣ። ጌሙ ያጨበጭባል፣ አዬ ታለቅሳለች፣ እኔ እስቃለሁ፤ አዬ ሁለታችንንም ባንድ ላይ አቀፈችን። እንደዚያ ታቅፌ አላውቅም።

በቤተ ክርስቲያናችን እሑድ ከስብከቱ በፊት የምስክርነት ሰዓት አለ፤ ጸሎቱ የተመለሰለት ይቆምና ይናገራል። አዬ ዓይን አፋር ናት፤ በጉባኤ መሃል ከአሜን ሌላ ድምፅዋ ተሰምቶ አያውቅም። በዚያ እሑድ ተነስታ ማይክ ያዘች። ስለ ሻማው ተናገረች። ጉባኤው በእልልታ ተነቃነቀ፤ እህቴ አንገቷን ደፍታ፣ እኔ አጠገቧ።

አባቴ «መርፌውስ?» ብሎ ሲጠይቅ አዬ መለሰችለት። «በሰው ፊት ዳነች ብዬ መስክሬ ሰኞ ለመርፌ ልሰለፍ? ወጊዋ ነርስ እኮ ከኛ መዘምራን ናት። ምን እላታለሁ?» ነገሩ ያለቀው እዚህ ላይ ነው፤ መርፌውም ክኒኑም ቆመ። እናቴን የያዛት ከሐኪም ጋር ጠብ አልነበረም፤ የሰጠችው ቃል ነበር። እሷን ደግሞ ያናገራት የኔ ትንፋሽ ነው።

የመጀመሪያው ወር እውነት መሰለ። እህቴ ማንከሷ ቀረ፤ ዳገቱን እየዘመረች ወጣች። እኔም አመንኩ፤ ምናልባት እኔ እፍ ስል እሷም እፍ ብላ ይሆናል፣ ምናልባት ያጠፋነው አብረን ነው አልኩ። ከዚያ እግሯ ማበጥ ጀመረ፤ ረጅም ካልሲ አደረገች። ትራስ ደራርባ ተቀምጣ መተኛት ጀመረች፤ አጠናለሁ ትላለች። አመሻሽ ላይ ግን አምስቱም ሻማ ይጠፋል።

«እንንገራት» ብዬ ለመንኳት።

«ከማትሪክ በኋላ» አለች። «ፈተናውን ልውሰድና እኔው ራሴ እነግራታለሁ።»

እሺ አልኩ። ፈተናውን ወሰደች። ውጤቱ ሳይመጣ በክረምቱ ወደቀች፤ ሆስፒታል በገባች በሦስተኛው ቀን አረፈች። ሐኪሙ «መድኃኒቱ ለምን ቆመ?» ሲል አዬ ወለሉን አየች። እኔ አዬን አየሁ።

ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ አዬ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት፤ የዳነች ልጅ እንዴት ትሞታለች? መልሱንም ራሷ አገኘችው። ከቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ ጀርባ፣ የተረፈውን ክኒን ሳትጥል ደብቃ አስቀምጣ ነበር። ምናልባት ቢያስፈልግ ብላ። «መስክሬ ስጨርስ ተጠራጠርኩ» አለችኝ። «የሰጣትን የወሰደው በኔ ግማሽ ልብ ነው።» ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ እህል አትቀምስም። ልጇን በጥርጣሬዋ እንደገደለች አምና ኖረች፤ እንዳልሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔ ስንቅ እያደር ነው የከበደኝ።

ከሐዘኑ ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ቤቱ ባዶ በነበረበት አንድ ከሰዓት፣ ጌሙን ከፈትኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሱሪው የሚወልቀው ሽማግሌ መጣ፣ አፍንጫው መጣ፣ ከዚያ ኬኩ። አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ፤ አራት ጊዜ ተሳስቼ ይለቅ ብዬ። ሻማዎቹ ጠፉ። አንድ በአንድ፣ ቀስ እያሉ፣ አምስቱም። መስኮቱ ዝግ ነበር። ከዳሞታ የሚወርደው ነፋስ በጣሪያው ክፍተት ገብቶ ይሆናል፤ እኔም ሳላውቀው እያለቀስኩ በአፍንጫዬ ተንፍሼ ይሆናል። ጌሙ አጨበጨበ። በዚያው ቅጽበት የቀኝ ጆሮዬ ሥር ሞቀኝ፤ ሰው አገጩን ትከሻዬ ላይ አሳርፎ ሲተነፍስ እንደሚሞቀው። ሮጬ ወጥቼ ዕቃውን ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት። ትንፋሹ ግን አብሮኝ ቀረ። አዬ በጸሎቷ «ግማሽ ልቤን ይቅር በል» ባለች ቁጥር ከጆሮዬ ሥር ይሞቀኛል።

አድጌ አገባሁ። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ሰባት ወር ሲሆነኝ አዬ ቤት ሰነበትኩ። በኛ ዘንድ እናት የልጇን ሆድ በእጇ ይዛ ትባርካለች። አዬ እጇን ዘረጋችና ሳትነካኝ መለሰችው። «በኔ እጅ አይሁን» አለች። «የኔ እጅ የተሰጠውን ያስወስዳል።»

ያኔ ነገርኳት። ዳጣ እየፈጨች ነበር፤ ቃሪያው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ድንጋዩ ላይ። ሁሉንም ነገርኳት፤ እንሰቱ ሥር የተባለውን፣ ጋቢውን፣ ቁንጥጫውን፣ ሳቄን። መፍጨቷን አላቆመችም።

«ትንፋሹ ያንቺ ነበር?»

«አዎ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

ዳጣውን ጨርሳ ሳህን ላይ ገለበጠችው። ያን ሳምንት ምግብ አቀረበችልኝ፣ አልጋዬን አነጠፈችልኝ፤ ቃል ግን አልወጣትም። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ በምስክርነት ሰዓት ከጎኔ ተነሳች። ማይኩን በሁለት እጇ ያዘች።

«ከዓመታት በፊት እዚህ ቆሜ ልጄ ዳነች ብዬ ነበር» አለች። «እውነት አልነበረም። ልጄ አልዳነችም ነበር። ሽማግሌዎች አታቋርጪ ብለውኛል፤ ሐኪሙም ብሎኛል። መድኃኒቷን ያስቆምኳት እኔ ነኝ። ሌላ ማንም የለበትም።»

ከኋላ የተቀመጡ ሴቶች ከልማድ እልልታ ጀምረው መሃል ላይ አቋረጡት። ማንም አሜን አላለም። አዬ ማይኩን መልሳ በወንበሮቹ መሃል እየተራመደች መጣች፤ ከጎኔ ተቀመጠች፤ እጇን ሆዴ ላይ አሳረፈች። ተነስቼ ሌላ ሰውም አለበት ማለት ነበረብኝ። ማይኩን የያዘው ሰው ዓይኑን በወንበሮቹ ላይ እያዞረ «ሌላ የሚመሰክር አለ?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀ። አልተነሳሁም።