ስንዱ ከኋላው ክፍል አልተመለሰችም

ስልኩ የጠራው ፍላቂት ከተማ ያለውን ሱቄን እየከፈትኩ ሳለ ነው። የደወለችው የስንዱ እህት የሺ ናት። "ስንዱ አረፈች" አለችኝ።

"የትኛዋ ስንዱ?" አልኳት። አውቄያታለሁ እኮ። ሌላ ስንዱ ብትሆን ብዬ ነው የጠየቅኩት።

አሁንም አላመንኩም። ትናንት ከሰዓት የላከችልኝ የድምፅ መልእክት ስልኬ ላይ አለ። ደግሜ ልሰማው ፈራሁ።

ለማታውቋት፣ ስንዱ ላሊበላ ውስጥ ከገበያው በላይ ዳገቱ ላይ ትንሽ የሸቀጥ ሱቅ ነበረቻት። እኔና እሷ የችርቻሮ ንግድ ሥራ አመራር ዲፕሎማ በርቀት እንማራለን። ሞጁሉን በየቤታችን እናነባለን፤ ለገጽ ለገጽ ቲቶሪያልና ለፈተና ወልድያ እንወርዳለን። መንገዱ ክፍት ከሆነ ማለቴ ነው። ሲዘጋ በስልክ እያነበብኩላት እያነበበችልኝ እናጠናለን።

የይምርሐነ ክርስቶስ አካባቢ የገበሬ ልጅ ናት። ትምህርቷን ያቋረጠችው አባቷ ታመው ቤቱ እሷ ላይ ሲወድቅ ነው። "ሱቅ ይዘሽ ደግሞ ዲፕሎማ ምን ይሠራልሻል?" ሲሏት ትስቃለች። "ሱቁንማ በግምት ይዤው ኖሬያለሁ፤ አሁን አውቄ ልያዘው" ትላለች።

የመጀመሪያው ቀን ቲቶሪያል አይረሳኝም። ሁላችንም ተፋፍረን ጥግ ጥጉን ይዘናል። አንድ ያረፈደ ሰውዬ በሩን ገርበብ አድርጎ ልግባ አልግባ ሲል፣ ስንዱ ከፊት ወንበር ዞር ብላ "ግቡ፣ ማየት አይከፈልበትም!" አለችው። መምህሩ ሳይቀር ሳቀ። ለካ ሱቋ ደጃፍ ለሚቆም ሁሉ የምትለው ይህንኑ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍሉ በሙሉ ይሄን ቃል ለመደ።

ሐምሌ ላይ ለአሳይንመንት የአንድ ሱቅ የውስጥ አቀማመጥ ሥሩ ተባልን። የእሷን ሱቅ መረጥንና ሄድኩላት። ሜትሩን በሁለት ጫፍ ይዘን ስንለካ የኋላው መደርደሪያ ወደ ፊት ዘመም ብሏል። ሳሙናው ተንሸራቶ ጠርዙ ላይ ደርሷል።

"ይሄ መደርደሪያ ቀጥ ያለ ነበር" አለች።

በጓሮ በኩል ዞርን። ከሱቁ ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፤ እማሆይ የምንላቸው አሮጊት መነኩሲት ተከራይተው ይኖሩባታል። ከክፍሏ ጀርባ ደግሞ ዳገቱን ደግፎ የያዘው የድንጋይ ግንብ ነው። ግንቡ ሆዱን ነፍቷል። በድንጋዮቹ መሃል ቀይ ውኃ ይወርዳል። ስንዱ መዳፏን ለጠፍ አድርጋበት ትንሽ ቆየችና አነሳችው።

"ክረምቱ ገና ነው፣ አስካለ" አለችኝ።

አከራዩን አስጠራችው። መጣ፣ አየ። "ይሄ ግንብ እኔ ሳልወለድ የቆመ ነው፤ ስንቱን ክረምት ችሏል። የምታነቢው ነገር ነው እሚያስፈራራሽ" ብሏት ሄደ።

ዕቃዋን ሁሉ ወደ መንገዱ በኩል አመጣችው። ደንበኞቿ "ዲፕሎማው ሱቁን ገለበጠባት" እያሉ ቀለዱባት፤ አብራቸው ሳቀች። እማሆይን ግን በየቀኑ ትለምናቸዋለች።

"እማሆይ፣ እባክዎ ክረምቱ እስኪወጣ እኔ ቤት ይቀመጡ።"

"የት ልሂድ ልጄ፣ በዚህ እግሬ? እግዜር እዚሁ ይጠብቀኛል" ይሏታል።

የትናንቱ መልእክት ላይ ዝናቡ ከድምፅዋ ይበልጣል። "አስካለ፣ ዛሬ ድንጋዩ ሲንቋቋ ሰማሁት። ዝናብ ነው እንዳትይኝ፣ ዝናቡንማ አውቀዋለሁ። ነገ እማሆይን አዝዬም ቢሆን አወጣቸዋለሁ። አንቺ ለቅዳሜው ፈተና አንብቢ" ትላለች። ከዚያ የቆርቆሮው ጩኸት ብቻ ነው።

ዛሬ ጠዋት የሆነውን የሺ ነች የነገረችኝ። ጭቃው ከላይ መውረድ ሲጀምር ሰው ሁሉ እየተጯጯኸ ወደ መንገድ ወጣ። ስንዱም ወጥታ ነበር። ስሙኝማ፣ ወጥታ ነበር። መንገድ ላይ ቆማ ሰዉን አየችና "እማሆይስ?" አለች።

ያያቸው የለም።

ተመልሳ ገባች። "ስንዱ ተመለሽ!" እያሉ ጮኹባት። አንድ የባጃጅ ሹፌር ተከትሏት እስከ ሱቁ በር ሄደ። እማሆይን ደግፋ፣ ከፊቷ አድርጋ አመጣቻቸው። ሹፌሩ ክንዳቸውን ይዞ ሲስብ እሷ ገና ከኋላ ነበረች። ግንቡ ያን ጊዜ መጣ።

እማሆይ ደህና ናቸው፤ ሐኪም ቤት ተኝተዋል። "ልጄ የት ሄደች?" እያሉ ይጠይቃሉ አሉ። እስካሁን ደፍሮ የነገራቸው የለም።

ላሊበላ ያላችሁ፣ እባካችሁ ስሙኝ። የወደቀው የግንቡ አንድ ወገን ነው። የቀረው ቆሟል፤ ከሥሩ ያሉት ቤቶችም ሰው አለባቸው። የሺን "ለምን አይወጡም?" ስላት "በኛ በኩል ያለው ደህና ነው ይላሉ" አለችኝ። ዘመድ ያላችሁ ደውሉላቸው። አሁኑኑ ደውሉ።

ስንዱዬ፣ ነገ ልቀብርሽ እመጣለሁ። የሺን አደራ ሳትይኝ ይዣታለሁ። ከቀብርሽ መልስ እማሆይ ጋ ገብቼ እኔው እነግራቸዋለሁ፤ ከማያውቅሽ ሰው አፍ አይስሙት። እንዴት አድርጌ እንደምጀምረው ግን አላውቅም።

እዚህም ሰማዩ ጠቁሯል። ደህና ሁኚ፣ እህቴ። ነፍስሽን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልኝ።