ጋሽ ወልዴ ኮሶ የጠጡ ሰሞን

ባለፈው ሳምንት ከልደታ ወደ ተክለ ሃይማኖት በእግሬ ስሄድ፣ መንገድ ዳር ቅመማ ቅመም ዘርግታ የተቀመጠች ሴት ፊት ቀላ ያለ የኮሶ ዘለላ አየሁ። ዛሬ ሰው ክኒኑን ገዝቶ በአንድ ጉንጭ ውሃ ይገላገላል፤ ማን እንደሚገዛት እንጃ። ቆሜ ሳይ «አባባ፣ ልጠቅልልዎት?» አለችኝ።

«የለም ልጄ፣ የእኔን ድርሻ ጋሽ ወልዴ ጠጥተውልኛል» አልኳት። ባይገባትም ሳቀች።

ጋሽ ወልዴ በደርግ ጊዜ፣ እኔና እናቴ ልደታ በምንኖርበት ግቢ፣ ጎረቤታችን ነበሩ። መርካቶ ቆርቆሮ ይነግዳሉ። ትርፍ ቤታቸው ተወርሶ በቀረቻቸው አንድ ክፍል ከባለቤታቸው ከእትዬ ብርቄ ጋር ይኖራሉ። በየዓመቱ ለመስቀል አገራቸው ይሄዳሉ፤ ክትፎውን እስኪበቃቸው ይበላሉ፤ ሲመለሱ ለግቢው ሁሉ ኮቾና ቅቤ ያካፍላሉ። የመስቀሉ ጥሬ ሥጋ ታዲያ ውሎ አድሮ በሆድ ውስጥ ትል ሆኖ ይነሳል። ኅዳር ሲገባ ጋሽ ወልዴ ኮሶ ይጠጣሉ።

ኮሶ የጠጣ ሰው ቤት አይኬድም ነበር። ፀሐይ አይነካውም፣ እንግዳ አያየውም፤ በሩ ይዘጋል። «ኮሶ ጠጥተዋል» ከተባለ አለቃም ቢሆን፣ የቀበሌ ሰውም ቢሆን ተመልሶ ይሄዳል። ደግ ልማድ ነው፤ ሰው በሚዋረድበት ቀን ገመናውን ይሸፍንለታል። ያን ዓመት ግን ሰው ሊገድል ነበር።

እኔ ያኔ ሃያ ዓመት ገደማ ቢሆነኝ ነው። የቧንቧ ሥራ ማንም አላስተማረኝም፤ እየፈታሁ እየገጠምኩ ለመድኩት። ንባቡም እንዲሁ ነበር። አንድ አሮጌ የጤና ረዳቶች መማሪያ እጄ ገብቶ፣ ስለ ኩላሊት የሚናገረውን ምዕራፍ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ነገሩ ሁሉ ግፊት፣ ማጣሪያና ቱቦ ስለሆነ ከሥራዬ አልራቀብኝም።

ጋሽ ወልዴ በጠጡ ማግስት፣ ረፋዱ ላይ፣ በራቸው እንደተዘጋ ነበር። የኮሶ ነገር እኮ በዋለበት ያልቃል። እትዬ ብርቄ ደጃፍ ላይ ምስር ይለቅማሉ።

«እትዬ፣ ጋሽ ወልዴ እንዴት ናቸው?»

«የትናንቱ አልወጣላቸው ብሎ ዛሬ ደገሙት። ሲያስመልሳቸውና ሲያስቀምጣቸው ነው ያደረው።»

«ውሃ ጠጡ?»

«ምን ነካህ አንተ? ውሃማ ኮሶውን ያረክሰዋል! ራሴን አመመኝ ብለው ክኒን ወሰዱ እንጂ።»

«ሽንትስ?»

እትዬ ብርቄ ሰፌዱን መሬት አስቀመጡ። ከትናንት ወዲህ ፖፖው ደረቅ ነበር።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቅ ሰው «አትግባ» እያለኝ ገባሁ። ክፍሉ ጨልሟል፤ የኮሶው ሽታ አፍ ውስጥ ይመርራል። የጋሽ ወልዴ ዓይን ጎድጉዷል፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ቀልዳቸው ብቻ አልደረቀም።

«አንተ ዝምተኛ! ማን አስገባህ?» አሉኝ፤ በግቢው የምጠራው በዚህ ስም ነበር።

«ሽንትዎ ቆሟል አሉኝ።»

«ትርፍ ቤቴን የወረሰው ቀበሌ እሱንም ወርሶት ይሆናል። ሄደህ ጠይቅልኝ።»

አልሳቅሁም። «ከእምብርትዎ በታች ይወጥርዎታል?»

«ምኑ ይወጥረኛል? ባዶ ጆንያ ነኝ።»

መልሱ አስፈራኝ። ቢወጥራቸው ኖሮ ሽንቱ አለ፣ መውጫው ነው የተዘጋው ማለት ነው። ባዶ ከሆነ ግን ኩላሊት ሽንት መሥራት አቁማለች። ሰውነት ውሃው ሲያልቅ በደም ሥሩ የሚዞረው ደም ይጎድላል፤ ግፊቱም ይወርዳል። ኩላሊት ያለችውን ጠብታ ለመቆጠብ ሽንቱን ትይዛለች። ደሙ ቶሎ ካልተመለሰላት ደግሞ ማጣሪያዋ ራሱ ይጎዳል። የራስ ምታት ክኒኑም ወደ ኩላሊት የሚገባውን ደም ይብሱን እንደሚያሳንሰው ያወቅሁት በኋላ ነው።

«ጋሽ ወልዴ፣ ዋናው መስመር ግፊት ሲያጣ ቦኖው ይደርቃል። ቦኖውን ቢፈቱት ጥቅም የለውም። ውሃው ሳይመለስ ከቆየ ግን ማጣሪያው ይበላሻል፤ የእርስዎ ማጣሪያ ደግሞ መለዋወጫ የለውም። ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ኮሶ ጠጥቼ ፀሐይ ላይ? ሰው ምን ይለኛል?»

«እንግዲህ ለመስቀል ኮቾ የሚያመጣልን የለም ይላል።»

ጋሽ ወልዴ ወደ በሩ ዞረው «ብርቄ፣ ጋቢዬን!» አሉ።

ከነጋቢያቸው ታክሲ ውስጥ አስገባናቸው። ሰፈሩ ለኅዳር ሚካኤል ቆሻሻውን እያቃጠለ ነበርና መንገዱን ጭስ ሞልቶታል። ፀሐይዋ ራሷ አልታየችም፤ ጋሽ ወልዴ ይህን እንደ ፈቃድ ቆጠሩት።

የተቀበለን ሐኪም ወጣት ነበር። ምን እንደጠጡ፣ በላዩ ምን እንደወሰዱ፣ ሽንቱ መቼ እንደቆመ አንድ በአንድ ጠየቀ። እኔም አንድ በአንድ መለስኩ። ቱቦ ቢያስገባ ፊኛቸው ባዶ ነው። በክንዳቸው ፈሳሽ ተከለላቸውና ወደ እኔ ዞረ።

«ሽንት ሲቆም ሦስት ቦታ ነው የሚበላሸው» አለኝ። «ከላይ ደሙ ሲያንስ፣ መሃል ላይ ኩላሊቱ ራሱ ሲጎዳ፣ ከታች መውጫው ሲዘጋ። የታቹ እንዳልሆነ አየን። የላዩ ብቻ ከሆነ ፈሳሹ ይመልሰዋል። መሃሉም ተጎድቶ ከሆነ… እንጠብቅ።»

በኩላሊት ፈንታ ደም የሚያጥብ መሣሪያ እንደ ዛሬው አልነበረም። ቱቦው የሚወርድበትን ጠርሙስ ከበን ተቀመጥን። እትዬ ብርቄ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ጋሽ ወልዴ መቀለዱን ትተዋል። አመሻሹ ላይ ጥቁር ሻይ የመሰለ ጠብታ ወረደ። ቆይቶ ሌላ። ከዚያ ቀጭን ሆኖ ይወርድ ጀመር።

እትዬ ብርቄ እልልታውን አቀለጡት። ከማዶ አልጋ አንዲት አስታማሚ ተነስታ «ማን ወለደ?» አለች።

«ወልዴ!» አሉ ጋሽ ወልዴ በደከመ ድምፅ።

ሐኪሙ ሮጦ መጣ፤ ጠርሙሱን አየ፤ ትከሻዬን ጨበጥ አድርጎ «በጊዜ አመጣሃቸው» አለኝ። ይህችው ናት፤ ሌላ አላለም።

ከዚያ ወዲያ በግቢያችን ኮሶ የጠጣ ሰው በር ይንኳኳ ጀመር። ደንቡን ያወጡት ጋሽ ወልዴ ናቸው፦ «ገመናችሁን ዝጉ፤ ሽንታችሁን ግን ለዝምተኛው አሳውቁ!»

ያ ግቢ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል። ጋሽ ወልዴም ብዙ መስቀል አክብረው በእርጅና አረፉ። ልጆቼ አንዳንዴ «አባዬ፣ ከሁሉ የኮራህበት ቀን የትኛው ነው?» ይሉኛል። ሠርጌን ወይም የእነሱን ምረቃ የምጠራ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ሁልጊዜ የምጠራው፣ እትዬ ብርቄ ለአንድ ጠርሙስ ሽንት እልል ያሉበትን ቀን ነው።