ጳጉሜን የማያውቀው ማሽን

መቱ ውስጥ ሀረገወይንን አላውቃትም የሚል ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ እንግዳ ነው፣ ወይ ቁጣዋ ገና አልደረሰውም። አያቷ ከመንዝ ለወታደርነት መጥተው ኢሉባቦር የቀሩ ሰው ነበሩ፤ ቁጣውን ከእሳቸው ወረሰች ይባላል። ሥጋ ቤት ሚዛኑ ላይ አውራ ጣት ሲያርፍ ካየች፣ ተሰላፊው ሁሉ እስኪሰማ ትናገራለች። የቀበሌ ስብሰባ ላይ ሰው አንገቱን ደፍቶ ሲያንቀላፋ፣ እሷ ተነስታ «ስኳሩ የት ገባ?» ትላለች። እናቷ «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፣ ልጄ» እያሉ መክረው መክረው ደከማቸው። አንድ ነገር ግን ይመሰከርላታል፤ ከበታቿ ባለ ሰው ላይ ጮኻ አታውቅም። ቁጣዋ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነበር፤ ዘመኑ ደግሞ ወደ ላይ የሚቆጡበት ዘመን አልነበረም።

በአንድ የቡና መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። በሰማንያ ዓመተ ምሕረት መስከረም ላይ ለመሥሪያ ቤቱ ከአዲስ አበባ ኮምፒዩተር ተላከለት። ሳጥኑ ከመኪና ሲወርድ ከሁሩሙ ቡና ጭነው የመጡ ሾፌሮች ሳይቀሩ ቆመው አዩ። አብሮ የመጣው አስተማሪ ጥቂት ቀን ተቀምጦ ሀረገወይንን አሠለጠናት። ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ዶስ የሚባለው አዛዥ ፕሮግራም ነው፤ ሌላው ሁሉ የሚሠራው እሱ ሲፈቅድ ነው። ዶስ ደግሞ ማሽኑ ሲጠፋ ቀኑን ይረሳል። ስለዚህ በየጠዋቱ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ወሩን፣ ቀኑንና ዓመቱን በቁጥር ይጽፉለታል።

«የሚሞላው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው» አለ አስተማሪው።

የመሥሪያ ቤቱ የፓርቲ ተጠሪ ጓድ ፈንታሁን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። «በማን አቆጣጠር?» አለ። «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ንብረት በኢምፔሪያሊስት ቀን አይነሳም። በራሳችን ይሞላ።»

አስተማሪው አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። መስከረምን አንድ ብለው ወሩን ጻፉ፤ ማሽኑ ተቀበለ። ጓድ ፈንታሁን ፈገግ አለ። አስተማሪው በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፈረ፤ ሊናገር የነበረውን ነገር ይዞት ሄደ።

ከዚያ በኋላ ሀረገወይንና ማሽኑ ተያያዙ። አስተማሪው ያላስተማራት ብዙ ነገር ነበር። የመቱ ዝናብ ሲበረታ ሥራዋን የምታስቀምጥባቸው ዲስኬቶች ሻጋታ አወጡ፤ እሷም በቁም ሳጥኑ ውስጥ አምፖል ሰቅላ በሙቀቱ አደረቀቻቸው። ጓድ ፈንታሁን ሚስቱ የሠራችውን ዳንቴል አምጥቶ «አልብሺው» አላት። ዳንቴሉ የማሽኑን መተንፈሻ አፍኖት ማሽኑ ግሎ ሲጠፋ፣ አጣጥፋ ወስዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። «ብርድ የለበትም፣ ጓድ» አለችው።

ከማሽኑ ጋር አብራ ያገኘችው ወዳጅ ኩማ ነው። ኩማ የጓሮውን ጄኔሬተር የሚያንቀሳቅስ፣ ከዳሪሙ የመጣ ዝምተኛ ሰው ነበር። የከተማው መብራት ስለማይታመን ማሽኑ የሚሠራው በእሱ ጄኔሬተር ነው። ኃይሉ ከፍ ዝቅ ሲል ማሽኑን እንደሚጎዳው ሁለቱም ገባቸው፤ ስለዚህ የራሳቸውን ደንብ አወጡ። ኩማ ሞተሩን አስነስቶ ድምፁ እስኪረጋ ያዳምጥና፣ መጥቶ መስኮቷን ያንኳኳል። እሱ ሳያንኳኳ እሷ ማሽኑን አታበራም። ማታ ደግሞ እሷ ማሽኑን ዘግታ እጇን በመስኮት ታወጣለች፤ እጇን ሳያይ እሱ ሞተሩን አያጠፋም። በዚህ ደንብ ሲሠሩ አንድ ቀን እንኳ ክፉ ደግ ተነጋግረው አያውቁም።

ጥቅምት ሠላሳ ቀን ማሽኑ አሻፈረኝ አለ። ቀኑን ብትጽፍለት በእንግሊዝኛ «ቀኑ ልክ አይደለም» እያለ መልሶ ይጠይቃታል። በማግስቱ፣ ህዳር አንድ ቀን፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተከፈተ። ጓድ ፈንታሁን «ጄኔሬተሩ ነው» አለ። ነገሩ በዚያው አለፈ፤ የኩማ ስም ግን በጓድ ፈንታሁን ልብ ውስጥ ቀረ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። ጳጉሜ አንድ ቀን፣ የአብዮት በዓል ሲቃረብ፣ የዓመቱ የቡና ዘገባ ወጥቶ ወደ አዲስ አበባ ሊላክ ተፈለገ። ኩማ አንኳኳ፤ ሀረገወይን ማሽኑን አበራች። ነሐሴን አሥራ ሁለት ስትል ከርማለች፤ አሁን አሥራ ሦስት ብላ ጻፈች። «ቀኑ ልክ አይደለም» አላት። ደገመችው፤ ያንኑ አላት። ጠዋቱ በዚሁ አለቀ።

ጓድ ፈንታሁን ገብቶ ከኋላዋ ቆመ። «ዓመቱን ሙሉ ሲሠራ ኖሮ በዓሉ ሲደርስ ነው እንቢ የሚለው? ጥቅምት ላይም እንዲሁ አድርጎ ነበር። ይኼ አሻጥር ነው» አለ። በዚያ ዘመን አሻጥር የሚለው ቃል ከአንድ ባለሥልጣን አፍ ከወጣ ሰው ሳይዝ አይመለስም። ወዲያው ሁለት የታጠቁ ሰዎች ወደ ጓሮ ዞሩ። ኩማን እጁ በዘይት እንደተለወሰ ያዙት። ሞተሩን እንዲያጠፋ እንኳ አልፈቀዱለትም፤ እሱም ቢሆን የሀረገወይንን እጅ ሳያይ ሊያጠፋው አልፈለገም። አንገቱን አዙሮ ወደ መስኮቷ እያየ ወሰዱት።

ሀረገወይን ከወንበሯ ተነሳች። «እሱ ምን አድርጎ ነው? የእሱ ሥራ ሞተር ማስነሳት ነው!» አለች።

«ጓዲት ሀረገወይን፣ ምርመራውን ለሚመለከታቸው ይተዉት» አላት ጓድ ፈንታሁን፣ ወጣም።

ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ማሽኑ አሁንም ቀኑን ንገሪኝ እያለ ያፈጥጥባታል። እሷ ለማንም የምትነግረው ቀን አልነበራትም። ምንም ሳትጽፍ የማስገቢያውን ቁልፍ በጥፊ መታችው። ማሽኑ ተከፈተ።

መጀመሪያ ዓይኗን አላመነችም። አጥፍታ አበራችው፤ ቀን ሳትጽፍ ያንኑ ቁልፍ ስትጫን እንደገና ተከፈተ። ለካ ዶስ ይጠይቃል እንጂ መልስ ካላገኘ አይጣላም። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን፣ የሀበሻውንና የፈረንጁን ቀን ጎን ለጎን የያዘውን ካላንደር አየችው። የፈረንጅ ሁለተኛ ወር ሠላሳ ቀን የለውም። የፈረንጅ ዓመት አሥራ ሦስተኛ ወር የለውም። ማሽኑ ጥቅምት ሠላሳን ያልተቀበለውም፣ ጳጉሜ አንድን ያልተቀበለውም ስለዚህ ነው። ጄኔሬተሩም ኩማም የሉበትም፤ ጥፋቱ ያ ትዕዛዝ ነው።

እየሮጠች ልትሄድ ተነሳች፤ በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። ማሽኑ ተከፈተ ብትል ምን ይላሉ? አሻጥረኛው ሲወገድ ማሽኑ ዳነ ይላሉ፤ የኩማ ፍርድ በዚያው ያልቃል። እውነቱን ብትናገርስ? ጥፋቱ የእርስዎ ነው የተባለ ካድሬ ጥፋቱን የሚጥልበት ሰው አጥብቆ ይይዛል እንጂ አይለቅም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው። እንደ ዳውላው የሚደበደበው ደግሞ ኩማ ነው። ማሽኑን አጠፋችው፤ ጓሮ ወጥታ ሞተሩንም ዘጋችው።

አንድ መንገድ ብቻ ቀረ፤ ጓድ ፈንታሁንን ማሞካሸት። ያንን ሰው ደግሞ በዚያች ሰዓት ብታየው ፊቱ ላይ ትተፋበት ነበር። ራሷን ታውቃለች። «ዛሬ ከሄድኩ እሰድበዋለሁ፤ ከሰደብኩት ኩማ አይወጣም» ብላ ቁጣዋ እስኪበርድ ለነገ አሳደረችው። ከግቢው ስትወጣ የኩማ ሚስት ዋሪቱ የምግብ ሳህን በነጠላዋ ሸፍና ዝናብ ላይ ቆማ አገኘቻት።

«ነገ ይወጣል፣ ዋሪቱ። እኔ አለሁ» አለቻት።

በማግስቱ ጠዋት ሆድ ይፍጀው ብላ ወደ ቢሮው ገባች። «ጓድ ፈንታሁን፣ ትዕዛዝዎ ትክክል ነበር» ብላ ጀመረች። ምላሷ እሬት እሬት አላት፤ ቢሆንም ቀጠለች። «ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ይህን ማሽን የሠሩት ኢምፔሪያሊስቶች አሥራ ሦስተኛ ወር እንዳለን እያወቁ ጳጉሜያችንን ክደውብናል። ይህን የሚያደርግ የጄኔሬተር ሠራተኛ የለም። የኩማ እጅ እዚያ አይደርስም።» ሞተሩን ራሷ አስነስታ ወስዳ አሳየችው። አሥራ ሁለት ስትል ማሽኑ ተቀበለ፤ አሥራ ሦስት ስትል እንቢ አለ።

የጓድ ፈንታሁን ዓይን በራ። ከአንድ የጄኔሬተር ሠራተኛ ይልቅ አሜሪካን የሚያህል ጠላት አግኝቷል። «እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለ።

ኩማ ከሰዓት በኋላ ተፈታ። ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ዋሪቱ ትከሻ ላይ ተደግፎ ወጣ። ሌሊቱን የውስጥ እግሩን ገርፈውታል። ሀረገወይን በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ ሲያያት «ገለቶሚ፣ እትዬ ሀረግ» ብሎ አመሰገናት። ምስጋናው ከግርፋት ባሰባት። የምታደርገውን ያወቀችው ዋዜማውን ነበር፤ ቁጣዬ ይብረድ ብላ እሷ ስትተኛ ነው እሱ የተገረፈው። ሰው ሁሉ ስትቆጪ ትጠፊያለሽ ሲላት ኖሮ፣ አንድ ቀን ብትታገሥ ሰው አስገረፈች። ይህን ለማንም አልነገረችም።

መስከረም ሁለት ቀን ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። ጓድ ፈንታሁን መድረክ ላይ ቆሞ በማሽን ውስጥ ተደብቆ የመጣን የኢምፔሪያሊስት ሴራ በንቃቱ እንዴት እንዳጋለጠ ተናገረ። የድምፅ ማጉያውን ኃይል የሚሰጠው የኩማ ጄኔሬተር ነበር። ኩማ ባበጠ እግሩ ነዳጅ በርሜል ላይ ተቀምጦ ሞተሩን ይጠብቃል። ሀረገወይን አጨበጨበች። የማያጨበጭብ ይታያልና ከጎረቤቶቿ ሁሉ አስበልጣ አጨበጨበች፤ ቤቷ ስትገባ መዳፏ እስኪላጥ በሳሙና ታጠበች።

ትዕዛዙ እንዳለ ቀረ። ማሽኑ በሀበሻ ቀን ይሞላል፤ ቀኑን እንቢ ሲል እሷ ምንም ሳትጽፍ የማስገቢያውን ቁልፍ ትጫናለች፤ ይህን ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ኩማ ትንሽ እያነከሰ ሞተሩን ያስነሳል፣ ያዳምጣል፣ መስኮቷን ያንኳኳል። ስለዚያች ሌሊት አንስተው አያውቁም። ዓመቱ በዚህ ሁኔታ አለፈ፤ እሷም ነገሩ ያለቀ መስሏት ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ጳጉሜ አንድ ቀን ጠዋት መስኮቷ ተንኳኳ። ቀና ስትል ኩማ ቆሟል፤ በብብቱ የተጣጠፈ ጋቢ ይዟል።

«ጋቢው ምንድን ነው፣ ኩማ? አሞሃል?» አለችው።

«የለም፣ እትዬ። ጳጉሜ ገባ አይደል?» አላት፣ ተራ ነገር እንደሚናገር ሰው። «አምና ያለ ጋቢ ነው የወሰዱኝ። ሲሚንቶው ይበርዳል።»

ሀረገወይን ጋቢውን አየችው። ለካ እሷ ያስፈታችው እግሩን ብቻ ነው። ወደ ጓሮ ወጥታ ጋቢውን ከብብቱ ወሰደችበት። «ሞተሩን አጥፋው። ዛሬ ማሽኑ አይበራም» አለችው። ዓመቱን ሙሉ የዋጠችው ቁጣ ተነስቷል፤ በዚህ ጊዜ እስኪበርድ አልጠበቀችም።

ጓድ ፈንታሁን ሻይ እየጠጣ ነበር። ሳታንኳኳ ገባች።

«ጓድ ፈንታሁን፣ የአምናው ጥፋት የኢምፔሪያሊስት አልነበረም» አለችው። «አስተማሪው በፈረንጅ አቆጣጠር ሙሉ ብሎ ነበር፤ አይሆንም ያሉት እርስዎ ነዎት። ማሽኑ ጳጉሜን የማያውቀው ስለዚህ ነው። ይህን አምናም አውቄው ነበር፤ ሰው እንዲፈቱልኝ ብዬ ዋሸሁዎት። ኩማ በእርስዎ ትዕዛዝ ተገረፈ።»

ጓድ ፈንታሁን ብርጭቆውን አስቀመጠ። ፊቱ ሲጠቁር አየችው። ወደ በሩ ተመለከተ፣ ከዚያ በብብቷ ወደያዘችው ጋቢ።

«ይህ ምንድን ነው?» አላት።

«ሲሚንቶው ይበርዳል አሉ» አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።